ሁለቱ ሰንበታት በስሜን ግርጌ

ለትምህርት ሲል ከአገሩ ወጥቶ በሰው አገር የተቀመጠ ወጣት አምስቱን የሥራ ቀናት ከመምህሩና ከመጽሐፉ ጋር ሲታገል ሰንብቶ ቅዳሜና እሑድ በደረሱለት ጊዜ፣ በሩን ዘግቶ በናፍቆት ከሚቈዝም ይልቅ ጥቂት ስንቅና አንድ ብርድ ልብስ ይዞ ያላየውን አገር ለማየት መውጣቱ በዓለም ሁሉ የተለመደ ነው። በፓሪስ የሚማረው ልጃችን ቬርሳይን፣ በሮም የሚማረው ፍሎሬንስን አይቶ እንደሚመለስ ሁሉ፣ ከሌላ አገር መጥቶ በጎንደር የሚማረው እንግዳም ሁለቱን ሰንበታት ይዞ የሚወጣው ወደ ሰሜን፣ በወገራ ደጋ በኩል ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ፣ ከዚያም ወደ ስሜን ተራሮች ነው። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ስለዚሁ የሁለት ቀን ጉዞ ሲሆን የጸሐፊውም እምነት አንድ ነው፤ ተጓዡ ወደ ገደሉ አፋፍ ለመድረስ በመቸኰል ዳባትንና ደባርቅን እንደ መተላለፊያ ብቻ ቈጥሮ ካለፋቸው ፎቶግራፍ ይዞ ይመለሳል እንጂ ስሜንን አያውቀውም፤ የስሜን ታሪክና የስሜን ሰው የሚገኙት ከጫፉ ይልቅ በግርጌው ነውና።

ጎንደር የተማሪ አገር መሆኗ የዛሬ ነገር አይደለም። ቅኔ ሊቀኝ፣ ዜማ ሊያጠና፣ በበዓታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋም ሊማር ከጎጃምና ከትግራይ፣ ከወሎና ከሸዋ እየተነሣ፣ ደበሎውን ለብሶና አኩፋዳውን አንግቦ ይመጣ የነበረው የቆሎ ተማሪ፣ ከእናቱ ቤት የብዙ ቀን መንገድ ርቆ በማያውቀው መንደር ደጃፍ ቆሞ እየለመነ የተማረ ስለ ሆነ፣ ባሕር አቋርጦ ከሚሄደው የዛሬ ተማሪ ያነሰ ስደት አልነበረበትም። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚባለውም ተቋም እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ ሲቋቋም፣ ከዚያ አስቀድሞ በደምብያ ወርዶ ብዙ ሺህ ሕዝብ የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ላቋቋሙት ሰዎች ትልቅ ማስጠንቀቂያ ሆኗቸው ስለ ነበር፣ ተማሪው በክፍል ውስጥ ብቻ ተቀምጦ እንዳይቀር፣ ወደ ገጠር ወጥቶ ገበሬውን በቤቱ እንዲያየው ሆኖ ተደራጀ። ከውጭ አገር የሚመጡ መምህራንና ተማሪዎችም አልተለዩትም፤ በእንግሊዝ አገር ያለው የሌስተር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ከጎንደር ጋር ወዳጅነት መሥርቶ ሐኪሞችንና የሕክምና ተማሪዎችን ሲልክ ቈይቷል። እነዚህ እንግዶች ታማሚ ሲጠይቁ ሰንብተው ዓርብ ማታ የሚነጋገሩት ነገር ቢኖር ስለ ስሜን መንገድ ነው።

በዚህ መንገድ ላይ ግን ከእነርሱ በፊት የሄዱ ብዙዎች ናቸው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ በአዱሊስ ወደብ ቆሞ ከነበረው የድንጋይ ጽሕፈት ገልብጦ ባቈየልን ቃል ውስጥ፣ ስሙ ያልተነበበ አንድ የአክሱም ንጉሥ ከወንዝ ማዶ የሚኖሩትን የስሜንን ሰዎች እንደ ወጋ፣ አገራቸውም በረዶና ውርጭ የማይለየው፣ ሰው በበረዶ እስከ ጕልበቱ የሚሰጥምበት ተራራ እንደ ሆነ ይናገራል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከምጽዋ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ጎንደር ሲመጣ የወጣው በሊማሊሞ ዐቀበት ነበር። ከፍራንክፈርት የመጣው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ስሜንን ዞሮ፣ አገሬው ከጥንት ጀምሮ በስማቸው የሚጠራቸውን ዋልያንና ጭላዳን እ.ኤ.አ. በ1835 ለአውሮፓ ሊቃውንት አስተዋወቀ፤ ቀይ ቀበሮም በሳይንስ መዝገብ ካኒስ ሲሜንሲስ ተብላ የገባችው በእርሱ እጅ ስለ ሆነ፣ ዛሬ በባሌ ተራራ የምትሮጠው ቀበሮ እንኳ የምትጠራው በስሜን ስም ነው። ከእርሱ በኋላ የመጣው ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ ዊልሄልም ሺምፐር ግን አይቶ የሚመለስ መንገደኛ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1837 ገብቶ፣ የስሜንንና የትግራይን ዕፀዋት እየለቀመና እያደረቀ ወደ አውሮፓ እየላከ፣ ከአገሬው ተጋብቶ፣ የስሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ያሠሩትን የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን በማሠራት ረድቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1878 እስኪሞት ድረስ በኢትዮጵያ ኖረ። በእኔ አስተያየት ከእንግዶቹ ሁሉ ስሜንን የተማረው እርሱ ነው፤ ግርጌው ላይ ተቀምጦአልና።

የዛሬው ተማሪ አርባ ዓመት የለውም፤ ያለው ከቅዳሜ ማለዳ እስከ እሑድ ማታ ነው። ስለዚህ በማለዳ ወደ ጎንደር መናኸሪያ ወርዶ፣ ረዳቱ «ደባርቅ፣ ደባርቅ» እያለ ከሚጠራበት ሚኒባስ ይገባል። መንገዱ ከከተማው እንደ ወጣ ወለቃን ያልፋል፤ ይህም ቤተ እስራኤላውያን ሸክላ ሲሠሩና ብረት ሲቀጠቅጡ የኖሩበት፣ እነርሱም በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓ.ም. ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላ የሸክላው ሥራ በጎረቤቶቻቸው እጅ የቀረበት መንደር ነው። ከዚያ ዐቀበቱ ይጀምርና በኮሶዬ አፋፍ ላይ ቈላው ወለል ብሎ ይታያል፤ አምባ ጊዮርጊስ ሲደረስ ተጓዡ ሙሉ በሙሉ ደጋ ገብቷል። ከዚህ በኋላ ያለው የወገራ ሜዳ ለእንግዳ ዐይን ምንም የማይታይበት ባዶ ሜዳ ይመስላል፤ ብዙዎችም በዚህ ስፍራ ይተኛሉ። እኔ ግን እንዳይተኙ እመክራለሁ። ይህ ሜዳ የገብስ አገር ነው፤ በነሐሴ አረንጓዴ፣ በጥቅምት ወርቅማ ሆኖ እስከ አድማስ የሚዘረጋው አዝመራ ጎንደርን በነገሥታቱ ዘመን የመገበ፣ ዛሬም ከባቄላው፣ ከድንቹና ከነጭ ሽንኩርቱ ጋር የሚመግብ እርሻ ነው።

ዳባት ከጎንደር 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በዚሁ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የመመሪያ መጻሕፍት ስለ እርስዋ ብዙም አይጽፉም፤ ነገር ግን የሕክምና ተማሪ ለሆነ ሰው ከብዙ ቤተ መንግሥት ይልቅ የምታስተምር ከተማ ናት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በዳባት ወረዳ የምርምር ማዕከል አቋቁሞ፣ መረጃ ሰብሳቢዎቹ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ በተመረጡት ቀበሌዎች ማን እንደ ተወለደ፣ ማን እንደ ሞተ፣ ማን አግብቶ ወደ ሌላ አገር እንደ ሄደ ሲመዘግቡ ኖረዋል። ይህ ነገር ቀላል አይምሰል፤ የልደትና የሞት መዝገብ እምብዛም በማይያዝበት አገር፣ ሕፃናት በምን በሽታ እንደሚሞቱና እናቶች ለምን በቤታቸው እንደሚወልዱ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ከለንደንም ሆነ ከጁባ የመጣ ተማሪ በመጽሐፉ ያነበበው ቍጥር የሚወጣው ከእነዚህ ጭቃ ምርግ ቤቶች መሆኑን ቢያይ ትምህርቱ ሌላ ትምህርት ይሆንለታል። በዚያ ላይ ዳባት የሌላ ዓይነት እንግዳም አስተናጋጅ ናት፤ ከከተማይቱ አጠገብ ባለው በአለምዋጭ መጠለያ ከአገራቸው የወጡ ኤርትራውያን ስደተኞች ተቀምጠዋል፤ ከእነርሱም መካከል ትምህርታቸውን በመንገድ ያቋረጡ ወጣቶች አሉ።

ከዳባት ወቀንን አልፎ ደባርቅ ይደረሳል። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ዛሬ የራስዋ ዩኒቨርሲቲ ያላት የሰሜን ጎንደር ዋና ከተማ ናት። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የሚገኘው እዚህ ስለ ሆነ መንገደኛ ሁሉ ወርዶ የመግቢያውን ክፍያ ይከፍላል፤ አስጎብኚ ይይዛል፤ ጠመንጃ የያዘ ስካውት ይመደብለታል፤ ጓዙ ከበዛም የጭነት በቅሎ ከነነጂው ይከራያል። ስካውቱም፣ በቅሎ ነጂውም፣ ወጥ ሠሪውም የአካባቢው ሰዎች ናቸው፤ የአንድ እንግዳ ሁለት ቀን ለእነርሱ የልጅ ደብተር፣ የማዳበሪያ ዋጋ ወይም የክረምት ቀለብ ማለት ነው።

ብዙ ተጓዦች በዚህ ቦታ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቈዩም፤ ደረሰኙን ተቀብለው ወደ ላይ ይወጣሉ። ከጎረቤት አገር መጥቶ በጎንደር ሕክምና ይማር ከነበረ አንድ ወጣት ጋር በሄድሁበት ቅዳሜ ግን እኛ ወደ ገበያው ወጣን። ገበሬው ከየአቅጣጫው በጉንና ገብሱን፣ የሱፍ ባናውንና የነጭ ሽንኩርት ጕንጕኑን ይዞ ወጥቶ ነበር። ወጣቱ በአንዲት የገብስ ቆሎ በምትሸጥ አሮጊት ፊት ቁጢጥ ብሎ ዋጋውን በተሰባበረ አማርኛ በጠየቀ ጊዜ፣ እርስዋ ዋጋውን ትታ «ልጄ፣ ከወዴት ነህ? እናትህ አለች?» አለችው። መኖርዋን ሲነግራት ጣሳውን እስከ አፉ ሞልታ በያዘው ፌስታል ገለበጠችለት፤ ገንዘቡንም ከተቀበለች በኋላ ሁለት እፍኝ ጨምራ መረቀችለትና «ለእናትህ ያብቃህ» አለችው። ልጁ የቃሉን ትርጉም ከእኔ ሲሰማ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቈየ። ያንን ቆሎ እሑድ ማታ ጎንደር እስክንገባ ድረስ እየቈነጠረ በላው።

ከደባርቅ ወዲያ ላለው ነገር አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ፤ የሕክምና ተማሪ እንኳ ይዘነጋዋልና። በፓርኩ ውስጥ ባለው በሳንቃበር ከፍታው 3,250 ሜትር ነው፤ በዚያ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሁለት ሦስተኛው ያህል ብቻ ስለ ሆነ ሰውነት በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በዚያው መጠን ያንሳል። ከዝቅተኛ አገር የመጣ ሰው በአንድ ቀን ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ጨነቅ ቢወጣ፣ ያውም ጨነቅ ከ3,600 ሜትር በላይ ነው፣ ራሱን ሊያመው፣ ሊያቅለሸልሸው፣ እንቅልፍም ሊነሣው ይችላል። መድኀኒቱ ቀላል ነው፤ አንድ ሌሊት በደባርቅ አድሮ፣ ውሃ በብዛት ጠጥቶ፣ ቀስ እያሉ መውጣት ነው። የእኛ ስካውት፣ ጋቢውን ተከናንቦ ኮንጎ ጫማ የተጫማ የሃምሳ ዓመት ያህል ገበሬ፣ ይህንን ከማንም ፕሮፌሰር ሳይማር ያውቀዋል፤ ወጣቱ በዐቀበቱ ላይ በፈጠነ ቍጥር ከኋላው «ቀስ፣ ቀስ በል፤ ገና ነው» እያለ ይመልሰው ነበር።

የተራራውን ግርማ በአጭሩ ልናገር፤ ብዙዎች ጽፈውበታልና። ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ እየገነፈለ የወጣው የቀለጠ ድንጋይ ድርብ ድርብ ሆኖ ተቈለለ፤ ከዚያ በኋላ ዝናሙና ወደ ተከዜ የሚወርዱት ወንዞች ሲሸረሽሩት ኖረው አንዳንዱ ከሺህ ሜትር በላይ የሚወርድ ገደል ሆነ። በቡይት ራስና በሳንቃበር ዙሪያ ጭላዳ በመቶ እየሆነ ሣር ሲግጥ ይውላል፤ ከዝንጀሮ ወገን ሣር በመጋጥ የሚኖር እርሱ ብቻ ነው፤ ወንዱ በደረቱ ላይ ባለው ቀይ ምልክትና በጎፈሩ ይታወቃል፤ ሲመሽ ሁሉም ነብርና ጅብ ከማይደርሱበት የገደል ወለል ላይ ወርደው ያድራሉ። በጅንባር ፏፏቴ አጠገብ የቆመ ሰው ውሃው ሲወድቅ ያየዋል እንጂ መጨረሻውን አያየውም። የአስታው ዛፍ አልቆ የጅብራው ተክል በሚጀምርበት ከፍታ፣ በገደሎቹ ላይ ዋልያ አለ፤ ከስሜን በቀር በዱር በዓለም የትም አይገኝም። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚለው፣ በልጅነቱ ትምህርት አልገባህ ብሎት ከመምህሩ የሸሸው፣ ኋላም በትል ትዕግሥት ተጽናንቶ ወደ ትምህርቱ የተመለሰው ቅዱስ ያሬድ ከአክሱም ወጥቶ ዘመኑን የፈጸመው በዚሁ በስሜን ምድር ነው፤ እንግዳው ተማሪ ይህን ታሪክ ሲሰማ ተራራው ላይ ያለውን ጸጥታ በሌላ ጆሮ ያዳምጠዋል።

እሑድ ጠዋት በደባርቅ ያደረ ሰው ሁለት ምርጫ አለው። ወደ ሳንቃበር ወጥቶ ከሰዓት በኋላ መመለስ አንዱ ነው። ሁለተኛው፣ እኔ የምመርጠው፣ ከከተማይቱ በስተ ሰሜን ወደ ሊማሊሞ አፋፍ በእግር መሄድ ነው። ብሩስ የወጣበትን ዐቀበት ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን እየፈለፈለ የመኪና መንገድ ሠራበት፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ሲወርድ ከላይ ሆኖ ማየት ያስፈራል። በዚሁ በር ላይ በወልቅፊት ምሽግ ገብቶ የነበረው የጣሊያን ጦር በአርበኞችና በእንግሊዝ ሠራዊት ለብዙ ወራት ተከቦ ከቈየ በኋላ መስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፤ ጎንደር ነጻ የወጣችው ከዚያ በኋላ በሁለት ወር ነው። ወደ ምሥራቅ ርቆ፣ ተራሮቹን ተሻግሮ በጃናሞራ የሚገኘው ደረስጌ ማርያም በሁለት ቀን ጉዞ አይደረስበትም፤ ሆኖም ደጃዝማች ካሣ ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥተው፣ ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሩት በዚያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የካቲት 1847 ዓ.ም. በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው መንገሣቸውን፣ የጎንደርን አብያተ መንግሥት ሲጐበኝ የሰነበተ ተማሪ በዚህ አፋፍ ላይ ቆሞ ሊሰማው ይገባል።

እሑድ የዕረፍት ቀን ስለ ሆነ ገበሬው አያርስም። ቅዳሴ ሲፈታ ሕዝቡ በነጭ ለብሶ ከደጀ ሰላም ይወጣል፤ የሰንበቴ ማኅበርተኞች ዳቦና ጠላ ይዘው በዛፍ ጥላ ይሰበሰባሉ፤ እንግዳ ሲያልፍ ካዩ «ቅመሱልን እንጂ» ሳይሉ አያሳልፉም። ከዩኒቨርሲቲው ቤት ብቻውን እሑድን ሲያሳልፍ ለኖረ ልጅ ይህ ግብዣ ከፏፏቴውም፣ ከገደሉም የሚበልጥ ሆኖ አይቼዋለሁ።

በግርጌው ያለውን መከራም ሳይናገሩ ማለፍ እውነትን ማጕደል ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት ከመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች አንዱ ሲሆን፣ እርሻውና ግጦሹ ስለ ገፋበትና ዋልያውም ስለ ተመናመነ እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከዚያ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ይህ እንዲሆን ግን እ.ኤ.አ. በ2016 የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከአባቶቻቸው ቀዬ ተነሥተው ወደ ደባርቅ ወርደዋል። እንግዳው በግጭ ሜዳ ላይ ጅብራውን እያደነቀ ሲያልፍ፣ እዚያ ይኖሩ የነበሩት ሰዎች ትናንት በሚኒባስ መስኮት ያያቸው መሆናቸውን ሊያውቅ ይገባዋል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በሰሜን ኢትዮጵያ የነበረው ጦርነት እስከ ዳባት ገጠሮች ደርሶ በጭና ተክለ ሃይማኖት ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህም በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት መንገዱን አስፈሪ አድርጎት የእንግዳ እግር ቀጠነ። እንግዳ ሲቀር የሚጐዳው ሆቴሉ ብቻ አይደለም፤ ተራውን ሲጠብቅ የሚውለው በቅሎ ነጂና ባናዋን ተሸክማ ወደ ቤትዋ የምትመለሰው ሴትም ናቸው።

ስለዚህ በጎንደር ከሌላ አገር የመጣ ተማሪ የምታስተምሩ፣ ወይም በግቢያችሁ ያሳደራችሁ፣ ወይም ጎረቤት የሆናችሁ ሰዎች ሁሉ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን ከአገሬው አጣርታችሁ ወደ ስሜን ላኩት እላለሁ። ስትልኩትም በዳባት ወርዶ ሻይ እንዲጠጣ፣ የቅዳሜን ሌሊት በደባርቅ እንዲያድር፣ ስንቁን ከገበያው እንዲገዛ፣ በቅሎውን ከባለቤቱ ተስማምቶ እንዲከራይና የስካውቱን ስም ጠይቆ እንዲይዝ ምከሩት። ወፍራም ጋቢም አውሱት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት የደባርቅ ሌሊት ውርጭ አለው።